የጅረቱ ያደታ

ጋዲሴ ስትደውል ያደታ የጫማውን ክር እያሰረ ነበር።

«ያዴ፣ ቶሎ ድረስልኝ» አለችው። «ጎመኑ ጠቁሯል።»

«ጠቁሯል ማለት?»

«መጥተህ እይ» ብላ ዘጋችው።

ታላቅ እህቱ ናት። ድምጿ እንዲህ ሲቆራረጥ ሰምቶ የሚያውቀው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ የአባታቸው መሬት ለኮንዶሚኒየም ተለክቶ ችካል የተተከለበት ቀን። ቁርሱን ትቶ ወጣ፤ ያገኘው ባጃጅ ላይ ዘሎ ገባ።

ጋዲሴ የምታለማው ከዚያ እርሻ የተረፈውን ነው። ከገላን ኮንዶሚኒየም በታች፣ በጅረቷ ዳር የተዘረጋ ቀጭን መሬት ነው፤ እንደ እሷ ቆስጣ፣ ሰላጣና ጥቅል ጎመን የሚያለሙ ሌሎች ቤተሰቦችም ግራና ቀኝ አሉ። ትልቁ ወንዝ ከተማው የጣለውን ሁሉ ተሸክሞ ስለሚያልፍ አትክልት ላይ ሊለቀው የሚደፍር የለም። ይቺ ጅረት ግን ከላይ ከምንጭ ነው የምትነሳው። እስከ ዛሬ የቆየችው በያደታ ነው ይባላል።

እውነትም በእሱ ነው። ያደታ ከጅረቷ ላይኛው በኩል፣ አስፋልቱ ዳር ጋራዥ አለው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ሰው ቆሻሻ ሲደፋባት እያየ ማለፍ አቃተውና ጎረቤቱን አስተባብሮ አጸዳት። ዳርና ዳሯን ቀርከሃ ተከለ። የጅረት ጠባቂዎች የሚባል ማኅበርም አቋቁሞ ሊቀመንበር ሆነ። መንገድ ላይ ባዶ የውሃ ፕላስቲክ የጣለ ሰው ሲያይ ጎንበስ ብሎ ያነሳና «ወድቆብሃል» ብሎ ይመልስለታል። ሰፈሩ «የጅረቱ ያደታ» ይለዋል። ይህን ስም እናቱ ካወጣችለት እኩል ይወደዋል።

ሲደርስ ሰዎች ተሰብስበዋል። ሌሊት የጣለው ዝናብ አባርቶ ፀሐይ ወጥታለች፤ መደቦቹ ላይ ግን የሚያብለጨልጨው ውሃ አይደለም። ጥቁር ነገር በጎመኑ ቅጠል ላይ ተለጥፏል፤ በቦዩ ውስጥ የቆመው ውሃ ሰማያዊና ሐምራዊ ቀለም እየሠራ ይንሳፈፋል።

ጋዲሴ የውሃ መሳቢያው ሞተር አጠገብ ቆማለች። ቦቲዋ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ጠቁሯል።

«ጎህ ሳይቀድ ነው ያስነሳሁት» አለች። «ጨለማ ነበር፣ አላየሁም። ግማሹ መደብ ከጠጣ በኋላ ነው የሸተተኝ። በእጄ ነው ያጠጣሁት፣ ያዴ።»

አባባ ዱጉማ፣ ከዳሩ አትክልተኞች ሁሉ ትልቁ፣ ቁጢጥ ብለው አፈሩን በጣታቸው ፈተጉ።

«የመኪና ዘይት ነው» አሉ።

ያደታ ደሙ ፈላ። ቁጣው የውሸት አልነበረም።

«ይሄን ያደረገ ሰው ሰው አይደለም!» አለ። «ዛሬውኑ እናገኘዋለን። ዱካውን ተከትለን ቤቱ ድረስ ነው የምንሄደው። ኑ!»

ከፊት ሆኖ ሽቅብ መራቸው። ጋዲሴ ከኋላው ናት፤ ቃልቤሳ የሚባል ጉልበተኛና ቁጡ ወጣት ከጓደኞቹ ጋር ይከተላል፤ አባባ ዱጉማ በከዘራቸው ይዘግማሉ። ዱካው አላስቸገረም። ድንጋዮቹ ጥቁር መስመር ይዘዋል፤ የቀርከሃው ሥር ላይ ደግሞ እንደ ቅባት ተንጠልጥሏል። ያደታ አንዱን ግንድ በመዳፉ ጠርጎ እጁን አሸተተ።

ሽታው የተቃጠለ ሞተር ዘይት ነው። ማታ ማታ ሳሙናና አሸዋ ቀላቅሎ ከገዛ እጁ የሚያጥበው ሽታ።

ያን ጊዜ ሐሙስ ትዝ አለው። ሐሙስ ጋራዡ ሞልቶ ነበር። አንድ አይሱዙ መግባት ነበረበት፤ ከመጠለያው ጀርባ የተቀመጠው በርሜል ደግሞ መንገዱን ዘግቷል። የተቃጠለ ዘይት የሚወስደው ሰውዬ ከጠፋ ሰንብቷል። ያደታ ለሠራተኛው ለኦልጅራ «እስቲ ያን በርሜል አስወግድልኝ፤ እንዴት እንደምታደርግ አንተ ታውቃለህ» አለው። በርሜሉ ሲንከባለል ሰማ። ወደየት እንደሚንከባለል ዞር ብሎ አላየም። መንገድ ተሻግሮ ማኪያቶ አዘዘ።

ሐሳቡን ገፋው፤ መግፋቱም ቀላል ሆነለት። እሱ የጅረቱ ያደታ ነው። የጅረቱ ያደታ እንዲህ ያለ ነገር አያደርግም። ስለዚህ አላደረገም። ኦልጅራ በርሜሉን ለአንዱ ሰጥቶት ይሆናል። እርምጃውን ጨመረ።

ከአስፋልቱ ሥር፣ ድልድዩ አፍ ላይ፣ ሁለት ቦይ ይገናኛል። አንዱ ሰፊና በሲሚንቶ የተሠራ ነው፤ ከጋራዡ ፊት ለፊት ካለው ከፀሐዩ ላቫጆ የሚወርድ። ሁለተኛው ከያደታ ጋራዥ ጀርባ በሣር ተሸፍኖ የሚመጣ ጠባብ ቦይ ነው፤ መኖሩን የማያውቅ ሰው አያየውም። ሁሉም ቀና ብሎ ወደ ላቫጆው ተመለከተ። የመኪና ማጠቢያ ሲባል ሰው የሚያስበው ያው ቆሻሻ ውሃ ነው።

«ታዲያ ሌላ ማን ሊሆን ነው!» አለ ቃልቤሳ፤ ዳገቱን ሮጦ ወጣ።

ያደታ «ቆይ» ሊለው አፉን ከፈተ። መልሶ ዘጋውና ተከተለው።

ፀሐዩ ቦቲ ተጫምቶ አንድ ሚኒባስ እያጠበ ነበር። ከጉራጌ አገር በልጅነቱ መጥቶ አቃቂ ላይ ያረጀ፣ ወፍራምና ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነው። ሰዎቹ ግር ብለው ሲገቡ ውሃውን ዘጋ።

«ምነው፣ ደህናም አይደላችሁ?»

«ዘይት ደፍተህ ሰው ስታስጨርስ ደህና እንሁን?» አለው ቃልቤሳ።

«የምን ዘይት?»

«ውረድና እየው! የሰው ጎመን እየው!»

ሌላው ወጣት ቱቦውን ከፀሐዩ እጅ ነጠቀ። ፀሐዩ መልሶ ያዘው። በመጎተቱ መሐል የማጠቢያው ማሽን ከቆመበት ተነቅሎ ሲሚንቶው ላይ ወደቀ፤ አንድ ነገር ውስጡ ተሰበረ፤ የታፈነ ውሃ ፈንድቶ ሁሉንም አራሰ። ሚኒባሱ ውስጥ የነበረው ሹፌር ሳይታጠብለት ቁልቁል ነድቶ ሄደ።

ፀሐዩ ማሽኑን አየ፤ ከዚያ ሰዎቹን አየ፤ በመጨረሻ ዓይኑ ያደታ ላይ ቆመ።

«ያደታ፣ አንተ ታውቀኛለህ። ንገራቸው እንጂ።»

ሁሉም ዞረው አዩት። መናገር ያለበትን ቃል ያውቀዋል፤ አጭር ነው። የወጣው ግን ሌላ ሆነ።

«ጉዳዩ እስኪጣራ ዝጋ።»

«እስኪጣራ?» አለ ፀሐዩ።

ወጣቶቹ ድንጋይ እያንከባለሉ የላቫጆውን መግቢያ ዘጉ። ቃልቤሳ ለወረዳው የአካባቢ ጥበቃ ጽሕፈት ቤት ደወለ፤ ሌንሳ የምትባለው ባለሙያ ከሰዓት በኋላ እመጣለሁ አለች። ፀሐዩ የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀመጠ። በራሱ ግቢ፣ በሰው ተጠብቆ።

ያደታ ጋራዡ ሲደርስ ኦልጅራ መኪና ሥር ተኝቷል።

«ኦልጅራ፣ ሐሙስ ያን በርሜል የት አደረግከው?»

ኦልጅራ ተንፏቆ ወጣ። «አንተ አይደለህ አስወግድልኝ ያልከኝ?»

«ድፋው አልኩህ?»

«ታዲያ ልጠጣው ነበር?»

ያደታ ወደ ጀርባ ሄደ። በርሜሉ ባዶውን ግድግዳው ጥግ ተጋድሟል። ሣሩ ተኝቶ ጠቁሯል፤ ሐሙስ አፈሩ ላይ ተኝቶ የቆየውን የሌሊቱ ዝናብ ጠራርጎ ወደ ቦዩ አውርዶታል። ለረጅም ጊዜ ቆሞ አየው። ከዚያ ሮጠ። ሰጋቱራ በጆንያ አመጣ፤ ተንበርክኮ በተነው፤ በእጁ ፈተገው፤ ጥቁሩን ሣር በማጭድ አጨደ። እጁ ሲሠራ ጭንቅላቱ ይከራከራል። ያን ሁሉ ዓመት የሠራሁት አንድ በርሜል አይሸፍንም? እኔ ባልኖር ጅረቷስ ትኖር ነበር? እኔ ከወደቅኩ ማኅበሩ ይፈርሳል፤ ማኅበሩ ከፈረሰ ሁሉም እንደ ድሮው ይደፋባታል። ለጅረቷ የሚሻለው ዝም ማለቴ ነው። ክርክሩ እያማረለት ሄደ። እያማረለት በሄደ ቁጥር ማጭዱን ያፈጥናል።

ኦልጅራ ከኋላው መጥቶ ቆመ።

«ፀሐዩን በሩን ዘግተውበታል አሉ» አለ።

«ማስረጃ ካላገኙ ይለቁታል።»

ኦልጅራ «በኔ በኩል አትስጋ፤ አፌ አይከፈትም» አለው።

ለማጽናናት ነበር። ያደታን ግን በጥፊ የተመታ ያህል ተሰማው። እንዲህ የሚባባሉ ሰዎች ምን ዓይነት እንደሆኑ ያውቃል። ከነሱ አንዱ ነኝ ብሎ ግን አስቦ አያውቅም።

ሌንሳ ስትመጣ የዳሩ ሰው ሁሉ ላቫጆው ግቢ ነበር። በመስታወት ዕቃ ከጅረቷ ውሃ ቀድታለች። ቃልቤሳ ከፀሐዩ ዕቃ ቤት ዘይት ያለበት ትንሽ ጀሪካን አግኝቶ በድል ከፍ አድርጎ ይዟል።

«ይሄ የማሽኑ ነው» ይላል ፀሐዩ። «ሁለት ሊትር እንኳ አይሞላም።»

«የቀረውንማ ደፍተኸዋል!»

ሌንሳ ሰዎቹን በእጇ ዝም አሰኝታ ወደ ያደታ ዞረች። «የማኅበሩ ሊቀመንበር እርስዎ ነዎት አይደል? ዘይቱ ከዚህ ቤት ነው የወጣው ብለው ያምናሉ?»

ያደታ ሳይመልስ ፀሐዩ ከባልዲው ላይ ተነሳ።

«እሱ ከመናገሩ በፊት እኔ ልናገር» አለ። ሁለት ላሜራ ገፋ አደረገ። ከሥራቸው ጠጠርና አሸዋ የተነጠፈበት፣ በክፍል በክፍል የተከፈለ ጉድጓድ ታየ። ከመጨረሻው ክፍል የሚወጣው ውሃ ጥርት ያለ ነው።

«ይሄን ያስቆፈረኝ ማን እንደሆነ ጠይቁት። ድሮ የሳሙናውን ውሃ ቀጥታ ወደ ጅረቷ ነበር የምለቀው፤ ያውቃል። አንድ ቀን ስብሰባ ጠራን። ከሁሉም ኋላ ተቀመጥኩ፤ በሰው ፊት ሊያዋርደኝ ነው ብዬ። ተነሳና ምን አለ? ‹ፀሐዩን እዩት፤ ከኛ ጋር ሆኖ ጅረቷን የሚጠብቅ ነጋዴ ነው› አለ። ሰዉ አጨበጨበልኝ። ውሸት ነበር። ያን ቀን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ውሸት ሆኖ እንዳይቀር ብዬ ነው የቆፈርኩት። ከዚያ ወዲህ አንድ ባልዲ ሳላጣራ አላሳለፍኩም። ቤቴ ውስጥ ለልጆቼ ‹እኛ ጅረት ጠባቂዎች ነን› እላቸዋለሁ። አሁን ምን ልበላቸው?»

ፀሐዩ ያደታን ብቻ ነበር የሚያየው። ያደታ ስብሰባውን አስታወሰው። ያን ቃል የተናገረው አስቦበት ነው፤ ሰውን በጎ ስም ከሰጡት ስሙን ላለማፍረስ እንደሚጠነቀቅ በማመን። ለፀሐዩ እንዳሰበው ሆኗል። ለራሱስ? ስሙ ካፀደቀው በኋላ ምን አድርጎ ያውቃል? መቼ ነው ጀርባውን ዞሮ ያየው?

«የኔ ነው» አለ።

«ምኑ?» አለች ሌንሳ።

«ዘይቱ። ከኔ ጋራዥ ነው የወጣው።»

ጉርምርምታ ተነሳ። ያደታ ሊመጣ ያለውን ቁጣ ለመቀበል አንገቱን ደፋ። ቁጣ ግን አልመጣም። አባባ ዱጉማ ቀርበው ትከሻውን ያዙት።

«ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ ደግነትህን እናውቀዋለን። ጥፋተኛን መሸፈን ግን ደግነት አይደለም።»

«ጋሽ ያደታ፣ ለጎረቤት ብለህ ራስህን አታስገባ» አለ ቃልቤሳም። «አንተን እዚህ የማያውቅ አለ እንዴ?»

ሌንሳ ግራ ተጋብታ ከአንዱ ወደ ሌላው አየች። ያደታ የተዘጋ የመሰለው በር ዳግም ሲከፈትለት ታወቀው። ምንም መዋሸት አያስፈልገውም። ዝም ቢል፣ ዝም ብቻ ቢል፣ እነሱው ይጨርሱለታል። ማታ ቤቱ ሲገባ ከጠዋቱ ይልቅ የተወደደ ሰው ይሆናል።

ጋዲሴ ናት ሰዉን ከፍላ የመጣችው። ክንዱን ይዛ ወደ ብርሃን አዞረችው፤ የሸሚዙ እጅጌ ላይ፣ ሱሪው ጉልበት ላይ፣ በጥቁር ዘይት የተጣበቀ ሰጋቱራ ነበር። በጣቷ አንዱን ፍቅፋቂ አንስታ አየችው።

«ይሄ ምንድነው፣ ያዴ?»

«ላጠፋው ሞክሬ ነበር፣ እታለም» አላት። «ኑ፣ ላሳያችሁ።»

ተከትለውት አስፋልቱን ተሻገሩ። ጋራዡ ጀርባ ሲደርሱ ያደታ የገዛ ሰጋቱራውን በአካፋ ገለጠው። ከሥሩ ምድሩ ጥቁር ነው። ጠባቡን ቦይ በእጁ አሳያቸው፤ እስከ ድልድዩ ድረስ። ኦልጅራ «እኔ ነኝ የደፋሁት» ሲል ያደታ አቋረጠው። «አስወግድ ያልኩት እኔ ነኝ። የት ብዬ ያልጠየቅኩም እኔ ነኝ።»

ቃልቤሳ እጁን የት እንደሚያደርገው ጠፋው። ጠዋት ላቫጆው ደጅ ድንጋይ ካንከባለሉት ልጆች የጋራዡን በር የዘጋ አልነበረም። አባባ ዱጉማ ብቻ በከዘራቸው መሬቱን ሁለቴ ነክተው፣ «እኔ በአንተ ምዬ ነበር» ብለው ተመለሱ። ፀሐዩ ከነጭራሹ አልመጣም። ጎንበስ ብሎ የወደቀ ማሽኑን ለማንሳት ይታገል ነበር።

ጋራዡ ታሸገ። ማኅበሩ ሲሰበሰብ ማንም በያደታ ላይ ክፉ አልተናገረም፤ ዓይኑን ያየውም የለም። በያደታ ቦታ ፀሐዩን ሊቀመንበር አድርገው ሊመርጡት ሲሉ ፀሐዩ እምቢ አለ፤ «ትናንት ድንጋይ፣ ዛሬ ወንበር፤ ይቅርብኝ» ብሎ። ወንበሩን አባባ ዱጉማ እስከ ክረምት ያዙት። ያደታ የፀሐዩን ማሽን ወስዶ ፈታው፤ የተሰበረውን ቀይሮ፣ ተሸክሞ መለሰለት። ፀሐዩ ሰክቶ ሞከረው። «ይሠራል» አለና ወደሚያጥበው መኪና ዞረ።

ጋዲሴ ጎመኑን በእጇ ነቀለችው። ያደታ አካፋ ይዞ ሲመጣ «ሂድ» አለችው። በማግስቱም መጣ። ያን ቀን ሂድ አላለችውም። የላይኛውን አፈር እየገፈፉ በጆንያ ሞሉት፤ ሌንሳ የሚቀበርበትን አሳይታቸዋለች። ብዙ ቀን ሳይነጋገሩ ሠሩ። አንድ ቀን ግን ጋዲሴ አካፋዋን ተከለችና ቆመች።

«ዘይቱ ብቻ ቢሆን እቆጣ ነበር፤ ይወጣልኝ ነበር» አለች። «አንተ ግን ከፊት ከፊቴ እየሄድክ ጥፋተኛውን ስትፈልግልኝ ዋልክ።»

«ስነሳ አላወቅኩም ነበር፣ እታለም። ሙች።»

«መቼ ነው ያወቅከው?»

ድልድዩ ጋ ሊል ነበር። ቀርከሃውን ሲነካ ሊል ነበር። ሁለቱም እውነት አልመስል አሉት።

«ሐሙስ ማወቅ እችል ነበር» አለ። «አልፈለግኩም።»

ጋዲሴ መለስ ብላ አካፋዋን አነሳች።

እሽጉ ተፈትቶ ጋራዡ ሥራ ከጀመረ ወዲህ ጋዲሴ ሳትጠራ ትመጣለች። ለኦልጅራ ሰላምታ ትሰጣለች፣ ለወንድሟ አትሰጥም፣ በርሜሉን ልታይ ቀጥታ ወደ ጀርባ ታልፋለች። መጀመሪያ ሰሞን ያደታን እፍረት ይወጋው ነበር። አንድ ቀን ደግሞ ተናዶ በር ሊዘጋባት አስቦ ነበር። አልዘጋውም። እሷ በማትመጣበት ቀን እሱ ራሱ ሄዶ ያያል፤ ማየት ሳይፈልግ እንኳ።

በዚያ ሰሞን አንድ የአይሱዙ ሹፌር ዘይት ላስቀይር ብሎ መጣ። ያደታ የተቃጠለው ዘይት በርሜል መሙላቱን ያውቃል።

«ዛሬ አይሆንም» አለው። «የምቀዳበት የለኝም። ነገ ና።»

«አንድ መኪና ዘይት ምን ያህል ነው? ከጀርባ ጣል አድርገው።»

«አይሆንም አልኩህ።»

ሹፌሩ «ምን ዓይነት ሰው ነህ?» እያለ እያጉረመረመ ነድቶ ሄደ። ጋዲሴ ከጀርባ ብቅ ስትል ነው መኖሯን ያወቀው። ንግግሩን ትስማው አትስማው ከፊቷ አላስታወቀም። በርሜሉን ኳ ኳ አድርጋ ነበር የመጣችው።

«አፍ እስከ ገደፉ ነው» አለች።

«ነገ ጠዋት ይወስደዋል፤ ዘይት የሚወስደውን ሰውዬ አግኝቼዋለሁ።»

«ነገ መጥቼ አያለሁ።»

«ነይ» አላት።

ጋዲሴ ነጠላዋን አስተካክላ ወጣች። አስፋልቱን ስትሻገር ፀሐዩ ውሃውን ዘግቶ አሳለፋት። ያደታ እጁን በጨርቅ ጠራርጎ ኦልጅራ ወደሚሠራው መኪና ሄደና አጠገቡ ተንበረከከ።